ከአርባ ቀን እስከ አራት ወር፦ አንቀልባ የማይሸፍነው ጊዜ

ስለ ልጅ ማዘያ ሁለት ዓይነት ክርክር ትሰማላችሁ። አንደኛው «አንቀልባ የድሮ ነው፤ ዘመናዊውን ቤቢ ካሪየር ግዙ» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «ፈረንጆቹ ዛሬ የደረሱበትን እናቶቻችን ድሮም ያውቁት ነበር፤ አንቀልባን የሚያህል የለም» ይላል። ሁለቱም ወገኖች አንድ ቀላል ጥያቄ ሳይጠይቁ ነው የሚከራከሩት፦ ልጁ ስንት ወሩ ነው?

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል፤ ግን ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። በሦስት ሳምንት ጨቅላና በስድስት ወር ልጅ መካከል ያለው ልዩነት የክብደት ብቻ አይደለም። አንዱ ጭንቅላቱን ችሎ ይይዛል፣ ሌላው አይችልም። ስለዚህ ለአንዱ የተሠራ ማዘያ ለሌላው አደጋ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ አንቀልባን እንደ ቅርስ ሳይሆን እንደ አንድ የምሕንድስና ሥራ እገመግመዋለሁ። ማሳያዬ የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ነው፤ ከደሴ ተነስታችሁ በጉጉፍቱና በአቀስታ አልፋችሁ የምትደርሱበት መካነ ሰላምና በዙሪያው ያለው የቦረና ገጠር። አገሩ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ብርዱ ይጠነክራል፣ መንገዱ አቀበትና ቁልቁለት ነው፣ ሥራው ደግሞ ሁለት እጅ ይፈልጋል። አንድ የልጅ ማዘያ እዚህ ከሠራ የትም ይሠራል ማለት ይቻላል።

ለተሸካሚዋ፦ ከፍተኛ ነጥብ

አንቀልባ በመሠረቱ የለፋ ቆዳና ረጃጅም ጠፍር ነው። ዛጎሉና ጨሌው ጌጥ ነው። ሥራውን የሚሠራው ልጁን ከእናቱ ጀርባ ጋር አጥብቆ የሚይዘው ቆዳና ክብደቱን ወደ ትከሻ፣ ደረትና ወገብ የሚያከፋፍለው ጠፍር ነው።

ይህ ለምን እንደሚጠቅም ለማየት ቀላል ሒሳብ እንሥራ። 4 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ወደ 40 ኒውተን ክብደት አለው። እናቱ ከአከርካሪዋ 30 ሳንቲ ሜትር አርቃ በክንዷ ከያዘችው፣ ወደ ፊት የሚጎትታት የመጠምዘዝ ኃይል (ቶርክ) 12 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ይህንን መልሰው የሚጎትቱት የጀርባ ጡንቻዎች ደግሞ ከአከርካሪው መሐል ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቁት። ስለዚህ 240 ኒውተን መጎተት አለባቸው፤ 24 ኪሎ እንደማንሳት ማለት ነው። ልጁ ገላዋ ላይ ተጣብቆ ርቀቱ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ቢወርድ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ልጁ ያው 4 ኪሎ ነው፤ የተቀየረው ርቀቱ ብቻ ነው።

እስቲ ራሳችሁ ሞክሩት። አራት ኪሎ ድንች በፌስታል ያዙና ክንዳችሁን ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ ቁሙ። ከዚያ ያንኑ ድንች በነጠላ ጀርባችሁ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩና አንድ ደቂቃ ቁሙ። ልዩነቱን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ጀርባ ላይ ማዘል ሌላም ጥቅም አለው። እናትየዋ ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ስትል የሁለቱ የጋራ የስበት ማዕከል ተመልሶ እግሯ ላይ ያርፋል። ቁልቁለት ስትወርድም እግሯ የሚረግጥበትን ታያለች፤ ልጁ ደረቷ ላይ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ይጋርድባት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ካራ ዎል-ሼፍለርና ባልደረቦቿ የሕፃን ክብደት ያለው ሸክም ያስያዟቸውን ሴቶች አስኪደው የሚያወጡትን ጉልበት ለክተው ነበር። ሸክሙን በክንድ መያዝ በማዘያ ከመያዝ በአማካይ 16 በመቶ የበለጠ ጉልበት ያስወጣ ነበር።

እንግዲህ «አንቀልባ ኋላ ቀር ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ሸክም ወደ አካል ማቅረብና ማከፋፈል ማንኛውም የምሕንድስና ተማሪ የሚማረው ነገር ነው። አንቀልባ ይህን በደንብ ያደርጋል።

ለዳሌ፦ እንደገና ከፍተኛ ነጥብ

ሕፃን ሲወለድ የዳሌው መገጣጠሚያ ገና አልጠነከረም። የጭን አጥንቱ ክብ ጫፍ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ በአብዛኛው ለስላሳ ነው፤ ቅርጹን የሚይዘው ቀስ በቀስ ነው። ጭኖቹ ተከፍተው ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ሲሉ ክቡ ጫፍ ጎድጓዳው መሐል ላይ ይቀመጣል። እግሮቹ ተዘርግተውና ተጣብቀው ከታሰሩ ግን ወደ ውጭ ይገፋል። ይህ ለወራት ከቀጠለ መገጣጠሚያው ሊወልቅ ወይም ተበላሽቶ ሊያድግ ይችላል።

ጃፓኖች ይህን በአገር ደረጃ አይተውታል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሕፃናትን እግር ዘርግቶ መጠቅለል እንዲቀር ዘመቻ አካሄዱ። ከዚያ በፊት ከ1 በመቶ በላይ የነበረው የዳሌ ውልቃት ወደ 0.2 በመቶ ገደማ ወረደ። በማላዊ የሠሩ የአጥንት ሐኪሞችም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጽሑፍ፣ ችግሩ እዚያ እጅግ ጥቂት መሆኑን አንስተው ልጆች ጀርባ ላይ መታዘላቸው አንዱ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጽፈዋል። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን ልብ በሉ። የዘር ውርስም ድርሻ አለው፤ ሁለት ነገሮች አብረው ስለታዩ ብቻ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው አይባልም። አቅጣጫው ግን ከመገጣጠሚያው አሠራር ጋር ይስማማል።

በአንቀልባ የታዘለ ልጅ እግሩን ከፍቶ የእናቱን ወገብ አቅፎ ይቀመጣል። ሐኪሞች ለዳሌ ይስማማል የሚሉት አቀማመጥ ይኸው ነው። ይልቅስ ትችት የሚገባው ከአንቀልባው በፊት ያለው ልማድ ነው፤ «እግሩ እንዳይንጋደድ» ተብሎ ጨቅላውን እግሩን ዘርግቶ ጥፍር አድርጎ መጠቅለል። ብርድ ልብሱ ይሙቅ፤ እግሩ ግን ውስጡ እንደልቡ ይታጠፍ።

ለመተንፈሻ፦ እዚህ ላይ ይወድቃል

እስካሁን አንቀልባን አሞገስኩ። አሁን ደግሞ የሚያሳስበኝን ልናገር።

የጨቅላ ሕፃን ጭንቅላት ከአካሉ አንጻር ትልቅ ነው፤ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል። የአንገቱ ጡንቻ ግን ደካማ ነው። ሕፃኑ ጎብጦ አገጩ ደረቱን ከነካ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታጠፋል፣ ይጠባል። የጨቅላ ቧንቧ ስፋቱ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በቀጭን ቱቦ ውስጥ በእርጋታ የሚፈስ አየር የሚገጥመው ተቃውሞ ደግሞ ከቱቦው ስፋት አራተኛ እርከን ጋር በተቃራኒው ይሄዳል። በቀላል አማርኛ፦ ቱቦው በግማሽ ቢጠብ ተቃውሞው ሁለት እጥፍ ሳይሆን አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። አዋቂ ሰው ቢቸገር ይገላበጣል፣ ይጮኻል። ጨቅላው ግን ጭንቅላቱን ማንሳት አይችልም፤ ሲታፈንም ድምፅ አያሰማም። ጸጥ ሲል «ተኛ» ይባላል።

ይህ ስጋት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 ስለ ከረጢት መሰል የጨርቅ ማዘያዎች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በ20 ዓመት ውስጥ ከእነዚህ ማዘያዎች ጋር የተያያዘ ቢያንስ 14 ሞት መመዝገቡን ገለጸ። ከ14ቱ ሕፃናት 12ቱ ከአራት ወር በታች ነበሩ። እነዚያ ማዘያዎች አንቀልባ አይደሉም፤ ልጁን ደረት ላይ አጎንብሰው የሚያስተኙ ናቸው። የአደጋው መንገድ ግን አንድ ነው፦ የጎበጠ ጀርባ፣ ደረት የነካ አገጭ፣ የተሸፈነ አፍንጫ። በዚያ ላይ አንቀልባ ልጁን ማየት ወደማይቻልበት ወደ ጀርባ ይወስደዋል።

አገራችን ላይ ሦስት ነገር ይጨመራል። አንደኛ፣ ለብርዱም ለፀሐዩም ለሰው ዓይንም ተብሎ ነጠላ ወይም ጋቢ ከነፊቱ ይደረብበታል። ከጋቢው ሥር ልጁ ያስወጣውን አየር መልሶ ይስባል። ሁለተኛ፣ በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል ያነሰ ነው። ሦስተኛ፣ የማጀት ጭስ አለ።

ስለዚህ «ከአንቀልባ የሚበልጥ የለም» የሚለው ክርክርም እዚህ ላይ ይወድቃል። አንገቱን ላልቻለ ልጅ አንቀልባ ትክክለኛ ዕቃ አይደለም።

የጠፋው ጊዜ

«ታዲያ እናቶቻችን ሞኞች ነበሩ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አልነበሩም። ልማዱ ራሱ ጨቅላውን ቶሎ ወደ አንቀልባ አያወጣውም። አራስ ትተኛለች፣ ገንፎ ትበላለች፣ ትታረሳለች። ወሎ ውስጥ ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ያስጠምቃል፤ ሙስሊሙም ዘንድ የአራስነት አርባ ቀን የታወቀ ነው። በዚያ ጊዜ ልጁ የሚውለው እናቱ ጎን ነው።

አሁን ቀኖቹን እንቀንስ። አብዛኞቹ ልጆች አንገታቸውን በደንብ የሚያጸኑት በአራት ወር ገደማ፣ ማለትም በ120 ቀን አካባቢ ነው። ከ120 ላይ 40 ሲቀነስ 80 ቀን ይቀራል። 80 ሲቀነስ ደግሞ 40 ቀን። እናትየዋ ከአራስ ቤት ወጥታ ውኃ ልትቀዳ፣ ገበያ ልትወጣ፣ አረም ልትነቅል የምትጀምረው ልጁ አንገቱን ሳይችል ነው። ልማዱ የመጀመሪያውን ጊዜ ይሸፍናል፤ አንቀልባ የመጨረሻውን ይሸፍናል። መሐል ላይ ከ40 እስከ 80 ቀን የሚሆን ክፍተት አለ። ይህም የአራስ ቤቱን ቀን ሞልታ ለምትወጣ እናት ነው። ሁሉም እናት አርባ ቀን ሙሉ አትተኛም፤ ረዳት የሌላት ቀድማ ትነሳለች፤ ለእሷ ክፍተቱ ይሰፋል።

እኔ እንደሚመስለኝ ስለ ልጅ ማዘያ ስንጨቃጨቅ መነጋገር ያለብን ስለዚህ ክፍተት ነው።

ክፍተቱን የሚሞላው ደረት ነው

መልሱ ውድ ዕቃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ ውስጥ ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የማሞቂያ መሣሪያ እጥረት ሲገጥማቸው፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ አቁመው ማሰር ጀመሩ። ዛሬ «የካንጋሮ እንክብካቤ» የምንለው ይህ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ተፈትኗል፤ ፕሮፌሰር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2,000 ግራም በታች ሆነው ከተወለዱት መካከል ቀደም ብሎ የካንጋሮ እንክብካቤ ካገኙት ከመቶ 23 ያህሉ ሲሞቱ፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ግን ከመቶ 38 ያህሉ ሞተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት በአምስት አገሮች ያስተባበረው ትልቅ ጥናትም ወዲያው ከተወለዱ ጀምሮ ገላ ለገላ መታቀፍ ሞትን በአንድ አራተኛ እንደሚቀንስ አሳይቷል።

እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ክብደታቸው አነስተኛ በሆነ ሕፃናት ላይ፣ በሆስፒታል ውስጥ ነው። ጤነኛና ሙሉ ጊዜውን ጨርሶ ለተወለደ ልጅ ያው ቁጥር ይሠራል ማለት አይደለም። አቀማመጡ ግን የሚያስተምረው ነገር አለ። ልጁ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አገጩ ከደረቱ ይርቃል፣ አፍንጫው ለእናቱ ዓይን ይታያል፣ ሙቀቱን ከገላዋ ይወስዳል። ለመካነ ሰላም ብርድ ከዚህ የተሻለ ማሞቂያ ከየት ይመጣል? መሣሪያውም ቤት ውስጥ አለ፤ ረዘም ያለ፣ ጠንካራ፣ የማይላላ ጨርቅ።

ስለ ገበያው ዕቃና ስለ ውጭው ምክር

ከውጭ የመጣ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም። እንዲያውም የምዕራቡ ዓለም የዘመኑ ማዘያ አንዱ ምንጭ አፍሪካ ነች። አሜሪካዊቷ ነርስ አን ሙር በሰላም ጓድ ቶጎ ሠርታ፣ እዚያ እናቶች ልጅ ሲያዝሉ አይታ አገሯ ስትመለስ «ስናግሊ» የተባለውን ማዘያ ሠራች፤ እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት አገኘችበት።

ዛሬ ሱቅ የምታገኙት ዕቃ ካርቶኑ ላይ «0–36 ወር» ይል ይሆናል። አትመኑት፤ ፈትሹት። መቀመጫ ያለው የወገብ ማዘያ ተደግፎ መቀመጥ እንኳ ለማይችል ጨቅላ አይሆንም፤ ራስና አንገት ካልደገፈ «0» የሚለው ቁጥር ማስታወቂያ ነው። ልጁን ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ እግሩን ወደ ታች የሚያንጠለጥል ከሆነም አንገቱንም ዳሌውንም አይደግፍም። የአውሮፓ «ኢኤን 13209-2» ዓይነት መስፈርት ያለፈ ዕቃ ጨርቁና መቆለፊያው ሸክም እንዲችል፣ ልጁ በእግሩ ቀዳዳ እንዳይሾልክ ተፈትኗል። ይህ ጥሩ ነገር ነው። ግን አስተሳሰሩን አይፈትንላችሁም፤ እሱ የእናንተ ሥራ ነው።

ብሪታንያ ውስጥ «ቲክስ» በሚል ምኅፃር የታወቀ ባለ አምስት ነጥብ ምክር አለ፦ ጥብቅ ይሁን፣ ሁልጊዜ ዓይናችሁ ሥር ይሁን፣ ጎንበስ ብላችሁ ልትስሙት የምትችሉበት ከፍታ ላይ ይሁን፣ አገጩ ከደረቱ ይራቅ፣ ጀርባው ይደገፍ። የመጀመሪያው፣ አራተኛውና አምስተኛው ፊዚክስ ናቸው፤ የትም ይሠራሉ። «ዓይናችሁ ሥር» የሚለው ግን ምድጃ የሌለበት ቤት ታስቦ የተጻፈ ይመስላል። ምጣድ ላይ ጎንበስ የምትል እናት ልጇን ደረቷ ላይ ብታስረው ለእሳቱና ለእንፋሎቱ ታቀርበዋለች። ጀርባዋ ላይ ብታደርገው ከእሳቱ ይርቃል፤ ከጭሱ ግን አያመልጥም፣ ፊቱንም አታየውም። ሐቀኛው መልስ አንድ ነው፦ እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ጨቅላው ከማጀት ውጭ፣ ሰው እጅ ላይ ይሁን። ይህን የሚፈታው የተሻለ ማዘያ ሳይሆን ተራ የሚቀበል ሰው ነው፤ አባት፣ አያት፣ ወንድም።

ስትመርጡም ስታስሩም

አንገቱን ላልቻለ ልጅ፦ ደረት ላይ፣ ቀጥ ብሎ። በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት ማስገባት አለባችሁ። ፊቱ አይሸፈን፤ ለብርድ ኮፍያ አድርጉለት፣ ጋቢውን ከትከሻው በታች ደርቡ። ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ይያዝ፤ ከዚያ ከሰፋ እግሩን ያለ ዕድሜው ይለጥጠዋል። ጎንበስ ስትሉ በአንድ እጅ ያዙት። ያለጊዜው የተወለደ ወይም ሲተነፍስ የሚቸገር ልጅ ከሆነ ከማሰራችሁ በፊት ሐኪም ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጠይቁ።

አንገቱን ለቻለ ልጅ፦ አንቀልባውን ያለ ሐሳብ አውጡት። ጠፍሩ የደረቀ፣ የተሰነጠቀ መሆኑን እያጠፋችሁ እዩ። ሊላቀቅ የደረሰ ዛጎልና ጨሌ ልጁ አፍ አጠገብ አይኑር። ቆም እያላችሁ ፊቱን የሚያይላችሁ ሰው ጠይቁ።

እዚህ ላይ ታላቅ እህቶችን ላነጋግር። በቦረና ገጠር የምታዝለው እናት ብቻ አይደለችም፤ እናንተም ታዝላላችሁ። 8 ኪሎ ሕፃን 55 ኪሎ ለምትመዝን እናት የክብደቷ አንድ ሰባተኛ ነው። 25 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ ግን ሲሶ ገደማ ነው። ደግሞም ጠፍሩ በእናት ወገብ ልክ የታሰረ ስለሆነ ትንሿ ጀርባ ላይ ይላላል፤ ሲላላ ልጁ ይወርዳል፣ ይጎብጣል። እንግዲህ «እኔ ላይ ይላላል፤ እንደገና አጥብቁልኝ» ማለት ስንፍና አይደለም። አንገቱን ያልቻለ ልጅ ሲሰጧችሁም «ይሄ ገና ነው» በሉ።

ለምሕንድስና ተማሪዎች ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ኮምቦልቻ የቆዳ ፋብሪካም የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም አለ፤ መካነ ሰላም የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አለ። የሚያስፈልገው አንቀልባን መጣል ወይም ማምለክ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ደረት ላይ የሚታሰር፣ አንገት የሚደግፍ፣ ከዚያ በኋላ ወደ ጀርባ የሚዞር፣ ጠፍሩ ለእናትም ለእህትም የሚስተካከል አንድ አንቀልባ ነው። ስፉት፣ በአሸዋ ሞልታችሁ ፈትኑት፣ ከዚያ ለሚያዝሉት ሴቶች ስጡና የሚሉትን ስሟቸው።